የማዕረግ ሽሚያና የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወት

ሰው የባልንጀራውን መልካም ሥራ ባየ ጊዜ ከሁለት አሳብ አንዱ ያድርበታል። አንደኛው እኔም እንደ እርሱ መልካም ልሥራ የሚል ትጋት ነው፤ ሁለተኛው እኔ ልብለጥ፥ እርሱ ይነስ የሚል ፉክክር ነው። ትጋት ዓይኑን በሥራው ላይ ያሳርፋል፤ ፉክክር ግን ሥራውን ትቶ ባልንጀራውን ይመለከታል። የሁለቱ መልክ ስለሚመሳሰል ፉክክር ብዙ ጊዜ የትጋትን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ በቤታችንም፥ በትምህርት ቤታችንም፥ በቤተ ክርስቲያናችንም ደጅ እንደ ቤተኛ ይገባል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሕፃን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ተማርህ ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ስንተኛ ወጣህ ይባላል። የሠርጉ ድንኳን ከጎረቤት ድንኳን ይመዘናል። ተዝካር ለሞተው ሰው ነፍስ የሚደረግ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ፥ የሟቹ ልጆች ከእገሌ ልጆች አነሱ እንዳይባሉ ባለዕዳ የሚሆኑበት ድግስ ሲሆን ይታያል። ቅኔ ሲዘረፍም ምሥጢሩን ሰምቶ ከመደሰት ይልቅ የማንኛው መምህር ተማሪ በለጠ እየተባለ ይከራከሩበታል። እንዲህ እያለ ለእግዚአብሔር የቀረበው ሁሉ ለሰው ዓይን የቀረበ ይሆናል።

ስለዚህ ክፉ ልማድ በቃል ብቻ ከመምከር አንድ ታላቅ ሰው የደረሰበትን ማሳየት ይሻላል ብለን፥ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደናል። የጀግናውን ስም ለመንቀፍ አይደለም፤ አገራቸውን ከባዕድ እጅ ለማውጣት የከፈሉት ዋጋ የታወቀ ነውና። ዳሩ ግን በጠላት ጥይት ያልወደቁት ሰው በገዛ ወገናቸው ገመድ የሞቱበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ማለፍ ለትምህርት አይረባም።

ብቸና ከጮቄ ተራራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋ በቅኔ ትምህርት ስሙ የተጠራው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። ከጮቄ ወዲያ በስተ ሰሜን ሞጣ ትገኛለች፤ በዚያ ያለውን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዓመት የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ይህ አገር የቅዳሴና የቅኔ አገር ነው፤ ነገር ግን የጦርም አገር ነው። በአንድ ወገን የግእዝ መምህር ስለ ትሕትና ሲያስተምር፥ በሌላው ወገን ፎካሪ የገደለውን እየቈጠረ ሲያቅራራ ይሰማ ነበር። የደጃዝማች በላይ ነፍስም በእነዚህ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያደገች ናት።

በላይ ዘለቀ የተወለዱት በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አባታቸው ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ባለሟል ነበሩ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ የተከተሏቸው ሰዎች ሁሉ ሞገሳቸው አብሮ ወረደ። ባሻ ዘለቀም ወደ ብቸና አገር ተመልሰው ሲኖሩ ከአገሩ ገዦች ጋር ተጋጩና በተላከባቸው ጦር ተገደሉ። ልጃቸው ገና ወጣት ሳሉ የአባታቸውን ደም ለመመለስ ቈርጠው ተነሡ፤ ጠላት አገራችንን ከመውረሩ አስቀድሞም በረሃ ገብተው የሸፈቱ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ደም መመለስ ከፉክክሮች ሁሉ የከፋ ፉክክር ነው። በእርሱ ዘንድ ሁለት ቤት እንደ ነጋዴ ሒሳብ ይተሳሰባል፤ የዚህኛው ሙት ከዚያኛው ሙት ጋር ይነጻጸራል፤ ሒሳቡም አይዘጋም፥ አንዱ በተካከለ ጊዜ ሌላው አነስሁ ብሎ ይነሣልና። አባቱን በግፍ ያጣ ልጅ ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያደገበት ኅብረተሰብ ለዚያ ሐዘን ያዘጋጀለት መንገድ እንባና ፍርድ ሳይሆን ብድር መመለስ ብቻ ከሆነ፥ ጥፋቱ የልጁ ብቻ ሊባል አይችልም።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ያዘ። ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ በታዘዘ ጊዜ በላይ ዘለቀ እምቢ አሉ፤ ቀድሞ ለአባታቸው ደም የያዙትን መሣሪያ ለአገራቸው ነጻነት አነሡት። ብዙ ሰው ተከተላቸው። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በመላው ሲነሣ የበላይ ስም ከብቸና አልፎ ዓባይን ተሻግሮ በወሎ ቦረና ጭምር ተሰማ። አባ ኮስትር በሚለው የፈረስ ስማቸው የሚጠሩት እኒህ ሰው የጦር ትምህርት ቤት ሳይገቡ፥ ከታላላቅ መሳፍንት ቤት ሳይወለዱ፥ በብቸናና በሞጣ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠውን ጠላት ከምሽጉ ርቆ እንዳይሄድ አስጨነቁት። ከሽፍትነት ወደ ዐርበኝነት የተሸጋገሩት፥ የቈሙለት ነገር ከራሳቸው ቤት በላይ በሆነ ጊዜ ነው። ሰው ከግል ብድሩ ወጥቶ ለሌላው ሲቆም ምን ያህል እንደሚያድግ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ያው የጥንቱ ልማድ ዐርበኞቹን በበረሃም ተከተላቸው። በጎጃም የነበሩት የጦር አለቆች በላይ ዘለቀ፥ ልጅ ኃይሉ በለው፥ መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ማን ማንን ያዝዛል በሚለው ነገር መስማማት ይሳናቸው ነበር። በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ጎጃም በገባ ጊዜ፥ ከፊተኞቹ ሥራዎቹ አንዱ መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን አስታርቆ ተባብረው ጠላትን እንዲወጉ ማስማማት ነበር። ጠላት በምሽግ ተቀምጦ ሳለ፥ ወንድማማች ለመስማማት ከሩቅ አገር የመጣ አስታራቂ አስፈለጋቸው። ፉክክር ዓይንን የሚያሳውረው እንዲህ ነው፤ የሚጠላንን ትተን የሚመስለንን እንድንፈራ ያደርገናል።

ስለ በላይ ዘለቀ በጎጃም ሽማግሌዎች ዘንድ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በበረሃ ሳሉ ለተከታዮቻቸው ራስ፥ ደጃዝማች፥ ፊታውራሪ እያሉ ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ተከታዮቻቸውም ለራሳቸው ምን ማዕረግ እንደሚወስዱ በጠየቋቸው ጊዜ፥ እናታቸው ወይዘሮ ጣይቱ አስናቀ በላይ ብለው ሲሰይሟቸው ከሁሉ በላይ አድርገው እንደሾሟቸው፥ ሌላ ሹመትም እንደማያሻቸው መልሰዋል ይባላል። በዚህ ነገር ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይደሰትበታል። እኛ ግን ከቀልዱ በታች አንድ የከበረ አሳብ እናያለን። በእናት የተሰጠ ስም ከማንም ጋር አይወዳደርም፤ ንጉሥ አልሰጠውም፥ ንጉሥም አይወስደውም። በላይ በዚያን ሰዓት ማዕረግ አከፋፋይ እንጂ ማዕረግ ፈላጊ አልነበሩም፤ ስለዚህም ነጻ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ይህን ነጻነት ያጡበት መከራ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተመልሰው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጠላት ጦር ከከተማይቱ ለቅቆ በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት ወደ ዓባይ ወረደ። በላይ ዘለቀ በመሻገሪያው ላይ አደጋ ጥለው ይህን ጦር እንዲያግዱ ይጠበቅ ነበር፤ ጦሩ ግን ተሻግሮ ሄደ። ከጠላት ጋር ያበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩላቸው ተስፋ ሰጥተው አግባቧቸው ሲሉ በዘመኑ የነበሩ የእንግሊዝ መኰንኖች ወቅሰዋቸዋል፤ የበላይ ወዳጆች ደግሞ ወቀሳውን አይቀበሉትም። ወሬው በዚያን ጊዜ የታመነው ግን ነገሩ የዘመኑን ልብ ስለሚመስል ነው። ከመሳፍንት ቤት ያልተወለደ ሰው ምንም ያህል ቢዋጋ፥ በመሳፍንት ቤት ካልተጋባ በእኩያዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከነጻነት በኋላ የሹመት ጊዜ መጣ። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው የብቸና ገዥ ሆኑ። ልጅ ኃይሉ በለው ግን ራስ ተብለው የጎጃም ገዥነት ተሰጣቸው፤ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህም ቢትወደድ ተባሉ። በበረሃ ለሌሎች ራስነትን ይሰጡ የነበሩት ሰው እርሳቸው ራሳቸው ከራስ በታች ሆኑ። የታሪክ ጸሐፊዎች የቅሬታቸውን ሥር በዚህ ላይ ያገኙታል።

ነገሩን በጥሞና እንመርምረው። አባቱ ባሻ ለነበረ፥ በሽፍትነት ለኖረ የገጠር ልጅ ደጃዝማችነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተወለዱበትን አገር መግዛትም ትንሽ ነገር አይደለም። ሹመቱ ብቻውን ቢቆም ኖሮ ታላቅ ነበር። ከሌላው ሹመት አጠገብ በቆመ ጊዜ ግን አነሰ። ጌታችን በወንጌል ስለ ወይኑ አትክልት ሠራተኞች ያስተማረው ምሳሌ ይህንኑ ያሳያል። ማለዳ የገቡት ሠራተኞች አንድ ዲናር ሲስማሙ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያ ዲናር የመረረባቸው በሠርክ የገቡት እኩል ሲቀበሉ ባዩ ጊዜ ነው። ዲናሩ አልጐደለም፤ የጐደለው ዓይናቸው ነው።

ዳሩ ግን ደጃዝማች በላይን በዚህ ብቻ መፍረድ ፍርድን ማጣመም ይሆናል። አምስት ዓመት በበረሃ የደከሙ ሰዎች፥ ከጠላት ጋር ያበሩ መኳንንት በክብር ሲቀመጡ አይተዋል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እንኳ በአዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ሆነው ኖረው ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ማዘን ቅንዓት አይባልም፤ ፍትሕን መራብ ነው። ታዲያ ፍትሕን መራብና ፉክክር በምን ይለያሉ ያልን እንደ ሆነ፥ መለያው አንድ ነው። ፍትሕ የሚሻ ሰው የሚገባውን ይጠይቃል፤ ባገኘም ጊዜ ያርፋል። ፉክክር የያዘው ሰው ግን ለእርሱ ሳይጨመርለት የባልንጀራው ቢቀነስ ይጽናናል። እያንዳንዳችን ቅሬታ በተሰማን ጊዜ በዚህ ሚዛን ኅሊናችንን ብንመዝን፥ የትኛው እንደያዘን ለማወቅ አይቸግረንም።

ሹመት ሰጪም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ማዕረግን አንዱን በሌላው ላይ ለማስነሣት፥ ወይም ትውልድን ከድካም አብልጦ ለማክበር መሣሪያ ያደረገ አገዛዝ፥ ዘሩን ራሱ ዘርቶ መከሩን በሌላው ላይ ያስቈጥራል። በዚያ ዘመን የጎጃም ሹመት እንደዚህ ያለ መከር አብቅሏል።

ደጃዝማች በላይ ከመንግሥት ጋር የነበራቸው ነገር እየሻከረ ሄደ። ሲጠሩ አልቀርብም አሉ፤ ጦር ተላከባቸው፤ ወደ ሶማ ተራራ ወጥተው ከተላከው ጦር ጋር ተዋጉ። በሁለቱም ወገን የወደቁት ትናንት በአንድ ዓላማ ከጠላት ጋር የተዋጉ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። በመጨረሻም በሽማግሌ ምልጃ እጃቸውን ሰጥተው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የሞት ፍርድ ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ነገር ግን ከራስ ኃይሉ ልጅ ከማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት አምልጠው ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር። ለጠላት ያልተንበረከኩት ዐርበኛና ለጠላት ያደረው ማሞ ኃይሉ በአንድ ቀን በአንድ ፍርድ አለፉ። በዚያች ሰዓት ማን ራስ፥ ማን ደጃዝማች እንደ ነበረ የጠየቀ የለም።

ከዚህም በኋላ የሆነውን እናስተውል። እነዚያ ሁሉ የተሻሟቸው ማዕረጎች በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሻሩ። ቢትወደድ የሚለው ስም ዛሬ በመጽሐፍ እንጂ በአደባባይ አይሰማም። በአዲስ አበባ በላይ ዘለቀ የሚባል መንገድ አለ፤ የባሕር ዳርም የአውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰይሟል። በዚያ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ደጃዝማች የሚለው ነው። በሕይወት ሳሉ ያነሰባቸው ስም ከሞቱ በኋላ አላነሰባቸውም፤ ስማቸውን የሚያከብረው ሕዝብ ከማዕረጉ የተነሣ አላከበራቸውምና። ክብራቸው ያለው በሥራቸው ነው፤ ሥራቸውንም ማንም ሊቀንሰው አልቻለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ ሳኦልን ያሳበደው ምን እንደ ነበረ እናውቃለን። ዳዊት ጎልያድን በገደለ ጊዜ ድሉ ለሳኦልም፥ ለእስራኤልም ሁሉ ድል ነበር። ሴቶቹ በዘፈናቸው ለንጉሡ ሺህ፥ ለዳዊት እልፍ በቈጠሩ ጊዜ ግን ንጉሡ የራሱን ሺህ ረስቶ የሌላውን እልፍ ማየት ጀመረ። በዚህ ነገር የሳኦል ኃጢአት ተነግሮ ያበቃል፤ ስለ ዘፋኞቹ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛስ ስንት ጊዜ ዘፋኝ ሆነናል? ሁለት ወንድማማች በሰላም ሲኖሩ አንዱን በሌላው ፊት አብልጦ የሚያመሰግን፥ ሁለት ካህናት በአንድ መቅደስ ሲያገለግሉ የማን ድምፅ ያምራል እያለ የሚያማርጥ፥ የዘብዴዎስን ልጆች እናት ጥያቄ በየቤቱ የሚጠይቅ ሰው የፉክክሩ ሠሪ እርሱ ነው። የደጃዝማች በላይም ዘመን ፎካሪና አወዳሽ አልጐደለበትም፤ የጐደለው አስታራቂ ነው።

በስማቸው ዛሬ የሚደረገው ክርክርም ከዚያው በሽታ የራቀ አይደለም። አንዱ ዐርበኛውን ለማክበር ንጉሡን ያዋርዳል፤ ሌላው ንጉሡን ለማክበር ዐርበኛውን ይከሳል። አንዱ አውራጃ የእኔ ጀግና ከአንተ ጀግና ይበልጣል እያለ በሙታን አጥንት ይፎካከራል። ለአንዲት አገር የፈሰሰ ደም በሚዛን ሲመዘን ማየት ያሳዝናል። ሙታን ከሽሚያው አርፈዋል፤ ሕያዋን ግን ማረፍን እንቢ ብለናል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ ማስተማሩን የሚያነሡ አሉ። እውነት ነው፥ መስሎታል። ነገር ግን በዓለም ሩጫ አክሊሉ አንድ ስለ ሆነ አንዱ ሲያገኝ ሌሎቹ ያጣሉ፤ ሐዋርያው ሩጫውን በፈጸመ ጊዜ ግን የጽድቅ አክሊል ለእርሱ ብቻ ሳይሆን የጌታን መገለጥ ለሚወድዱ ሁሉ እንደ ተዘጋጀ መስክሯል። በዚህ ሩጫ ባልንጀራህ ቢቀድምህ አንተ አልተሸነፍህም፤ ቢወድቅ ደግሞ አንተ አላሸነፍህም፥ ልታነሣው ይገባሃልና።

በሞጣ አገር ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ አለ። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ሰበራ ድልድይ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጠላት ዘመን ዐርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉን ሰበሩት። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የእግር መሻገሪያ እስኪሠራለት ድረስ፥ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በዚህ ዳር ያሉት ሰዎች ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ፤ በዚያ ዳር ያሉት ይስባሉ። ሁለቱ ወገን ጉልበታቸውን ለማሳየት ገመዱን ቢጓተቱ ኖሮ በመካከል ያለው ሰው በጠፋ ነበር። ገመዱ ያው ገመድ ነው፥ ጉልበቱም ያው ጉልበት ነው፤ ሰውን የሚያሻግረው ግን አንዱ ሲስብ ሌላው መልቀቅን ያወቀ እንደ ሆነ ነው። በ1933 እና በ1937 ዓ.ም. መካከል በጎጃም ገመዱን የሚለቅ ታጣ፤ በመካከል የነበረውም ሰው ወደቀ።

እንግዲህ ካህናት አባቶቻችንና ምእመናን ወንድሞቻችን ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት በሥራ ይታይ። መምህር ተማሪውን ሲያመሰግን በባልንጀራው ፊት አሳንሶ አያመስግን። አባት ልጁን ስንተኛ ወጣህ ከማለት በፊት የተማረውን ይጠይቀው። ተዝካር የሚያወጣ ሰው ለድሃ የሚደርሰውን እንጂ ጎረቤት የሚያወራውን አይቍጠር። ሹመት በእጁ ያለ ሰው የደከመውን እንደ ድካሙ ያክብር፤ ሹመት ያነሰበት የመሰለው ደግሞ ለእግዚአብሔር የሠራው ሥራ በሰው መዝገብ ስላልተጻፈ እንደማይጠፋ ይወቅ። የነፍስ አባቶችም በጠበኞች መካከል ፈጥነው ይግቡ፤ ሽምግልና ጦር ከተላከ በኋላ ሲመጣ ዋጋው ይወደዳልና።

በሰማይ ከፍ ልበል ብሎ የወደቀውን አይተን፥ በምድር ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ እንድንከተል፥ ስለ አገራችን የወደቁትንም ሁሉ ያለ ማበላለጥ በጸሎታችን እንድናስብ እግዚአብሔር ይርዳን። ለደጃዝማች በላይ ዘለቀና በሁለቱም ወገን ለወደቁት ወንድሞቻቸው ነፍስ ዕረፍትን ይስጥልን። አሜን።